ስለ ኤዲተር ስክሪፕት፦ ቋንቋው ሳይመረጥ ኤፒአይው ይቅደም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣

በቅርቡ በጋዜጣችሁ የቴክኖሎጂ ዓምድ ላይ፣ ጥቂት ወጣት ባለሙያዎች አማርኛን ከመነሻው ታሳቢ ያደረገ የጽሑፍ ኤዲተር ለመሥራት መነሣታቸውንና ተጠቃሚዎችም በራሳቸው አጫጭር ስክሪፕቶች (ኤዲተሩ ተከትሎ በሚፈጽማቸው ትንንሽ ፕሮግራሞች) የኤዲተሩን አሠራር እንዲያሰፉ ለማድረግ ማሰባቸውን የሚገልጽ ጽሑፍ አንብቤያለሁ። ሐሳቡ የሚደገፍ ነው። ሆኖም አብዛኛው የጽሑፉ ክፍል የዋለው የስክሪፕት ቋንቋው ፓይተን፣ ሉዋ ወይስ ጃቫስክሪፕት ይሁን፣ ወይስ ቁልፍ ቃላቱ አማርኛ የሆኑ አዲስ ቋንቋ ይፈጠር በሚለው ክርክር ላይ ነው፤ ከዚህ በፊት መመለስ የነበረበት ጥያቄ ግን ሳይነሣ ታልፏል። ኤዲተሩ ለስክሪፕቱ ምን ያሳየዋል? ምን እንዲነካ ይፈቅድለታል? በጽሑፉ ውስጥ ያለውን ቦታስ በምን ይቆጥርለታል? ባለሙያዎች ኤፒአይ የሚሉት ይህ የትእዛዞችና የደንቦች ስብስብ አንድ ጊዜ ለሕዝብ ወጥቶ ሰዎች ስክሪፕት ከጻፉበት በኋላ መለወጡ እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ ቋንቋ ግን ቆይቶም ሊጨመር ይችላል።

ለምን እንዲህ እንደምል በአንድ ትንሽ ሥራ ላሳይ። እዚህ አዳማ ውስጥ በፍራንኮም ሆነ በዩኒቨርሲቲው አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ አገልግሎት የሚሰጡ ብዙ ቤቶች አሉ፤ ማመልከቻው፣ ውሉ፣ አቤቱታውና የመመረቂያ ጽሑፉ የሚጻፈውና የሚታረመው እነሱ ዘንድ ነው። ደንበኛው በፍላሽ ይዞት የሚመጣው ረቂቅ ብዙውን ጊዜ አራት ነጥብ የለውም፤ የአራት ነጥቡን ቁልፍ መፈለግ የሰለቸው ሰው የኮለንን (:) ቁልፍ ሁለት ጊዜ መትቶ ያልፋል፣ ነጠላ ሰረዙንም ከቀደመው ቃል አርቆ ያስቀምጠዋል። ጸሐፊዋ ይህንኑ በየገጹ ስታርም ትውላለች። ወጣቶቹ ኤዲተራቸው እንዲህ ያሉትን ሠራተኞች ጭምር እንዲያገለግል እንደሚፈልጉ መናገራቸው በጽሑፉ ተጠቅሷልና፣ ሁለት ኮለን ባለበት ሁሉ አራት ነጥብ የሚተካ ስክሪፕት ከመጀመሪያዎቹ ተፈላጊ ነገሮች አንዱ እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። በየትኛውም ቋንቋ ቢጻፍ ከጥቂት መስመር አይበልጥም።

አሁን የመጣው ረቂቅ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ የመመረቂያ ሥራ ነው እንበል። በአባሪው ውስጥ በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ኮድ አለ፤ በዚያ ቋንቋ ደግሞ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ኮለኖች የራሳቸው ሥራ አላቸው። ጸሐፊዋ አንድ ቁልፍ ነክታ ሰነዱን በሙሉ ስታስተካክል የኮዱም ኮለኖች አብረው አራት ነጥብ ይሆናሉ፤ መምህሩ ኮዱን ገልብጦ ሊያስኬደው ቢሞክር እምቢ ይለዋል። ይህን ለማስቀረት ስክሪፕቱ ከመተካቱ በፊት ኤዲተሩን «ይህ ቦታ ተራ ጽሑፍ ነው ወይስ ኮድ?» ብሎ መጠየቅ መቻል አለበት። ኤዲተሩ መልሱን ያውቀዋል፤ ኮዱን በልዩ ልዩ ቀለም የሚያሳየው ለይቶ ስላወቀው ነው። ነገር ግን ያንን እውቀቱን በኤፒአይው በኩል ካላካፈለ የስክሪፕቱ ጸሐፊ ፓይተንም ቢጠቀም፣ ሉዋም ቢጠቀም፣ በአማርኛም ቢጽፍ ከመገመት በቀር ምርጫ የለውም። በተጨማሪም ስክሪፕቱ በአንድ ትእዛዝ በመቶ የሚቆጠሩ ቦታዎችን ከለወጠ በኋላ ጸሐፊዋ «መልስ» ብላ አንድ ጊዜ ስትነካ ሁሉም አብሮ ሊመለስላት ይገባል፤ ይህም ኤፒአይው ለውጦችን በአንድ ጥቅል ለማሰር መንገድ ካልሰጠ በስክሪፕቱ ብልሃት የሚገኝ አይደለም።

ሌሎች በዚህ መንገድ ሄደዋልና ልምዳቸውን መመልከት ይጠቅማል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኢማክስ የተባለው ኤዲተር በ1976 በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ላብራቶሪ ውስጥ፣ ቴኮ ለተባለ ኤዲተር የተጻፉ ማክሮዎች (በአንድ ጥሪ የሚሠሩ የትእዛዝ ቅንጅቶች) ስብስብ ሆኖ ጀመረ፤ ሪቻርድ ስቶልማን በ1985 ለሕዝብ ያወጣው ጂኤንዩ ኢማክስ ደግሞ እምብርቱ በሲ ቋንቋ፣ አብዛኛው ቀሪ አካሉ ኢማክስ ሊስፕ በተባለ የራሱ የስክሪፕት ቋንቋ የተጻፈ ነው። ብዙ ሰው የኢማክስን ጥንካሬ ለሊስፕ ይሰጣል። እኔ ግን ትልቁ ምክንያት የኤዲተሩ ሠሪዎች ራሳቸው ተጠቃሚው በሚጠቀምባቸው ትእዛዞች መሥራታቸው ይመስለኛል፤ አንድ ትእዛዝ ጎደሎ ከሆነ ጉድለቱ መጀመሪያ የሚታየው ለእነሱ ነውና። ዋጋም አስከፍሏል። ሁሉ ነገር ክፍት በመሆኑ ሰዎች በሁሉ ነገር ላይ ተመሥርተው ጻፉ። ለምሳሌ በኢማክስ ሊስፕ አንድ ፋንክሽን (በስሙ የሚጠራ የትእዛዞች ክፍል) የሰየመው ተለዋዋጭ (ዋጋ የሚያዝበት ስም) እሱ ለጠራቸው ሌሎች ፋንክሽኖች ሁሉ ይታይ ነበር፤ በዚህም ምክንያት የአንዱ ስክሪፕት ስያሜ ከሌላው ጋር ሊጋጭ ይችላል። ይህን የሚያስተካክለው አሠራር የመጣው በ2012፣ ማለትም ከ27 ዓመት በኋላ ሲሆን፣ ያኔም ቢሆን የቆዩት ስክሪፕቶች እንዳይሰበሩ ሲባል በፋይሉ የመጀመሪያ መስመር ላይ ለጠየቀ ብቻ የሚሠራ ተደርጎ ነው።

ቪም የሄደው በሌላ መንገድ ነው። ብራም ሞሌናር በ1991 ያወጣው ይህ ኤዲተር (ሲከፈት በዑጋንዳ የሚኖሩ ችግረኛ ሕፃናትን እርዱ የሚለውን መልእክት የምታስታውሱት ትኖራላችሁ፤ ሰውየው በ2023 አርፏል) ተጠቃሚው በስክሪኑ ግርጌ በእጁ የሚጽፋቸው ትእዛዞች ነበሩት፤ በ1998 በወጣው አምስተኛ እትም እነዚያው ትእዛዞች ፋንክሽንና ሁኔታ መፈተሻ ተጨምሮላቸው የስክሪፕት ቋንቋ ሆኑ። ለእጅ የተሠራ ትእዛዝ ለስክሪፕት ሲውል የሚያስከትለውን ጣጣ አንድ ነገር በደንብ ያሳያል። በቪም ስክሪፕት ሁለት ቃላት እኩል ናቸው ወይ ብሎ የሚጠይቀው ተራው ምልክት መልሱን የሚሰጠው ተጠቃሚው ለፍለጋ በመረጠው ቅንብር መሠረት ነው፤ ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደል አትለይ ያለ ሰው ኮምፒውተር ላይ እኩል የሚሆኑት ቃላት በጎረቤቱ ኮምፒውተር ላይ እኩል አይሆኑም። ስለዚህ በጸሐፊው ማሽን ላይ ያለ እንከን የሠራ ስክሪፕት ሌላው ዘንድ ሄዶ ሊሳሳት ይችላል፤ ጠንቃቃ ጸሐፊዎችም የተጠቃሚው ቅንብር የማይነካውን ሌላ ምልክት መጠቀም ግድ ሆኖባቸው ኖሯል። ከቪም በ2014 የተገነጠለው ኒዮቪም በአንጻሩ ትእዛዞቹን ከማንኛውም ቋንቋ በመልእክት ሊጠሩ በሚችሉ ፋንክሽኖች አደራጅቶ፣ እያንዳንዱ ፋንክሽን ከየትኛው እትም ጀምሮ እንዳለና ከየትኛው እትም ጀምሮ እንደማይመከር መዝግቦ ተነሣ። ሉዋ የኤዲተሩ ዋና የማስፋፊያ ቋንቋ ሆኖ የጎላው በ2021 ከወጣው እትም ወዲህ ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ።

ስክሪፕት ሲሠራ ተጠቃሚው የመጠበቁ ጉዳይም አለ። ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ጊትሃብ በ2014 ያስተዋወቀው አተም የተባለ ኤዲተር፣ ተጨማሪዎቹ (ተጠቃሚው የሚጭናቸው ማስፋፊያዎች) ስክሪኑን ከሚያስተዳድረው ክፍል ጋር አብረው እንዲሠሩ ፈቅዶ ነበር፤ አጥር የሌለው ግቢ ነበር ማለት ይቻላል። ማንም ያሰበውን ማድረግ ይችል ነበር፤ የአንዱ ተጨማሪ ዝግመት ግን የኤዲተሩ ሁሉ ዝግመት ሆነ። በ2015 የመጣው የማይክሮሶፍት ኤዲተር ቪኤስ ኮድ ተጨማሪዎችን በሌላ ፕሮሰስ (ከኤዲተሩ ተለይቶ በሚሠራ ፕሮግራም) ውስጥ አስቀምጦ፣ ስክሪኑን በቀጥታ እንዳይነኩ ከልክሎ፣ የተወሰኑ ትእዛዞችን ብቻ ሰጣቸው። አተም በታኅሣሥ 2022 ተዘጋ። የመዘጋቱ ምክንያት ይህ ብቻ ነው አልልም፤ ማይክሮሶፍት በ2018 ጊትሃብን ሲገዛ ሁለቱም ኤዲተሮች የአንድ ቤት ሆነው ነበር። የቪኤስ ኮድ መንገድም የራሱ ውስብስብነት አለው፤ ስክሪፕቱ በሌላ ፕሮሰስ ሆኖ ጽሑፉን ወስዶ ሲመረምርና መልሱን ሲልክ በመካከሉ ጸሐፊዋ ሦስት ቃል ጨምራ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ መልሱ የሚያመለክተው ቦታ የቀድሞው ቦታ አይደለም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የጽሑፉ ሁኔታ የእትም ቁጥር ሰጥቶ፣ ባለፈበት እትም ላይ የተመሠረተን ለውጥ አለመቀበል ያስፈልጋል። ሁለት መቶ ገጽ የሚመረምር ስክሪፕት ጸሐፊዋን እጇን አጣጥፋ እንድትጠብቅ የሚያደርግ ከሆነ ግን ሁለተኛ አትከፍተውም።

ከሁሉ በላይ ወጣቶቹ እንዲያስቡበት የምፈልገው የፊደላችንን ጉዳይ ነው፤ ከውጭ የተቀዳ ኤፒአይ በቀላሉ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነውና። ፊደላችን የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር ቁጥር በሚያገኙበት ዩኒኮድ በተባለ መስፈርት ውስጥ፣ በ1999 በወጣው 3.0 እትም ገብቷል፤ ዛሬ በብዛት በሚሠራበት ዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት (የኮምፒውተር ትንሽ የማከማቻ ክፍል) ይይዛል። «አዳማ» የሚለው ቃል ለእኛ ሦስት ፊደል ነው፤ ፓይተንም ጃቫስክሪፕትም ርዝመቱ ስንት ነው ቢባሉ ሦስት ይላሉ፤ ሉዋ ግን ዘጠኝ ይላል፣ የሚቆጥረው ባይት ነውና። ለላቲን ፊደል የተጻፈ የሉዋ ስክሪፕት «የመጀመሪያዎቹን አራት ውሰድ» ቢል ከ«አዳማ» የሚያገኘው «አ»ንና የ«ዳ»ን ሲሶ ነው፤ በስክሪኑም ላይ በ«ዳ» ፈንታ የጥያቄ ምልክት ወይም ባዶ ሣጥን ይታያል። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ ይህ ስሕተት ለዓመታት ሳይታይ ሊኖር ይችላል፤ በአማርኛ ግን በመጀመሪያው ቃል ላይ ይፈነዳል። ጃቫስክሪፕት ከዚህ ነፃ ነው ብሎ መዘናጋትም አይገባም፤ በስልክ የምንለዋወጣቸው አብዛኞቹ ኢሞጂዎች በእሱ ቆጠራ ሁለት ሁለት ናቸው። ኤዲተሮች ከቋንቋ መርማሪ ሰርቨሮች (ኮድን መርምረው ስሕተት ከሚጠቁሙ ፕሮግራሞች) ጋር የሚነጋገሩበትና በ2016 የተጀመረው ፕሮቶኮል (የመነጋገሪያ ደንብ) በመስመር ውስጥ ያለን ቦታ እንደ ጃቫስክሪፕት ዩቲኤፍ-16 በተባለው ሌላ የዩኒኮድ አጻጻፍ እንዲቆጠር ወስኖ፣ በሌላ አቆጣጠር ለመስማማት በሩን የከፈተው በ2022 እትሙ ነው።

ስለዚህ የእኔ አስተያየት ኤፒአይው ለስክሪፕት ጸሐፊው የቦታ ቁጥር ጨርሶ ባይሰጠው የሚል ነው። በቁጥሩ ፈንታ በጽሑፉ ላይ የሚተከል ምልክት ይስጠው፤ ከምልክቱ በፊት ጽሑፍ ሲጨመር ወይም ሲቀነስ ምልክቱ አብሮ የሚንቀሳቀስ፣ «አንድ ፊደል ወደ ፊት»፣ «እስከ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ» እየተባለ የሚታዘዝ ይሁን። ኢማክስም ኒዮቪምም እንዲህ ያለ ምልክት አላቸው፤ ግን ከቁጥሩ ጎን ለጎን ነው፣ ሰዎችም የሚቀናቸውን ቁጥሩን ይይዛሉ። ከባዶ የሚነሣ ሰው ይህ ሸክም የለበትም።

«ቃል» የሚባለው ነገር ወሰንም እንዲሁ ለስክሪፕት ክፍት መሆን አለበት። ብዙ ኤዲተሮች ላይ «ጽ/ቤት» ወይም «ወ/ሮ» የሚለውን ሁለት ጊዜ ክሊክ ብታደርጉት በሕዝባር ተከፍሎ ግማሹ ብቻ ይመረጣል፤ ቃላትን በሁለት ነጥብ የሚለየው የቆየ ጽሑፍ በበኩሉ ክፍተትን ብቻ ለሚያውቅ ኤዲተር ከዳር እስከ ዳር አንድ ቃል ይሆንበታል። «ዓ.ም.» ላይ ያለው ነጥብ ዓረፍተ ነገር እንደማይዘጋም የሚያውቀው አማርኛ አንባቢ ነው። «ፀሐይ» ብሎ የፈለገ ሰው «ጸሐይ» ተብሎ የተጻፈውንም ማግኘት ይፈልግ እንደሆነ መወሰን ያለበት ተጠቃሚው ነው። እነዚህን ሁሉ የኤዲተሩ ሠሪዎች አስቀድመው ይጨርሷቸው ማለቴ አይደለም፤ የቃልን፣ የዓረፍተ ነገርንና የፊደል እኩያነትን ደንብ በስክሪፕት መተካት የሚቻልበት ቦታ በኤፒአይው ውስጥ ካለ፣ የትግርኛውን የትግርኛ ጸሐፊ፣ የአማርኛውን የአማርኛ ጸሐፊ ያሟላዋል።

ከኪቦርድ ጋር የተያያዘው ችግር ደግሞ የውጭ ሰነዶችን በማንበብ ብቻ የሚገኝ አይደለም። በድምፅ አጻጻፍ «ሰ»ን ለመጻፍ ሁለት ቁልፍ እንነካለን፤ በመጀመሪያው «ስ» ይመጣል፣ በሁለተኛው «ስ» ጠፍቶ «ሰ» ይተካል። አሁን ጽሑፉ በተለወጠ ቁጥር የሚነሣ የቃል ጠቋሚ ስክሪፕት አለ እንበል። «ሰላም» ለመጻፍ የተነሣችው ጸሐፊ ገና የመጀመሪያውን ቁልፍ እንደነካች በ«ስ» የሚጀምሩ ቃላት ይዘረዘሩላታል፤ ሁለተኛውን ስትነካ ስክሪፕቱ መጀመሪያ ማጥፋት፣ ቀጥሎ መጻፍ እንደተደረገ አድርጎ ያያል፤ «መልስ» የሚለውም ትእዛዝ በአንድ ፊደል ሁለት ጊዜ ይሠራል። ኤፒአይው «ፊደሉ በመሠራት ላይ ነው» የሚለውን ሁኔታ «ፊደሉ ተጠናቋል» ከሚለው ለይቶ ለስክሪፕቱ ካልነገረ ይህን ከውጭ ሆኖ ማስተካከል አድካሚ ነው። የአቋራጭ ቁልፎችም ከሚወጣው ፊደል ጋር ሳይሆን ከራሱ ከቁልፉ ጋር መታሰር አለባቸው፤ አለበለዚያ የአማርኛ ጽሕፈት እንደበራ ሁሉም አቋራጭ መሥራት ያቆማል። በፊደል የሚታዘዘውን ቪምን በአማርኛ ለመጠቀም የሞከረ ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

ቁልፍ ቃላቱ አማርኛ የሆኑ የስክሪፕት ቋንቋ ይፈጠር የሚሉትን አልቃወምም። በትንሽ ቡድን የተሠራ ቋንቋ የትም አይደርስም የሚል ካለ ሉዋን ይመልከት፤ በ1993 በሪዮ ዴ ጃኔሮ ካቶሊካዊ ዩኒቨርሲቲ ሦስት ሰዎች፣ ብራዚል የውጭ የኮምፒውተር ምርቶች እንዳይገቡ ትከለክል የነበረበት ዘመን ባስለመደው በራስ የመሥራት ባህል ውስጥ፣ ፔትሮብራስ ለተባለው የአገሪቱ የነዳጅ ኩባንያ ይሠሩት ለነበረ ሥራ የፈጠሩት ነው። ነገር ግን ሉዋን ዓለም የተቀበለው በሌላ ፕሮግራም ሆድ ውስጥ ገብቶ ለመሥራት ተብሎ የታነጸ በመሆኑ ነው፤ ቋንቋው ከሲ ፕሮግራሙ ጋር የሚገናኝበት መንገድ አብሮ የተነደፈ እንጂ በኋላ የተለጠፈ አልነበረም። ወጣቶቹም ትእዛዞቹን ከቋንቋ ነፃ አድርገው ከነደፉ ዛሬ በሉዋ ወይም በፓይተን ጀምረው፣ የአማርኛው ቋንቋ ሲደርስ በዚያው በር ሊያስገቡት ይችላሉ።

ስለ ፈቃድ ጥቂት ልበል። በጽሕፈት ቤቶቹ ኮምፒውተሮች ውስጥ የሰው ውል፣ የፍርድ ቤት አቤቱታና የመታወቂያ ቅጂ ተከማችቷል፤ ስክሪፕቶቹም ኢንተርኔት እንደልብ ስለማይገኝ ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ እንደሚተላለፉ ከወዲሁ መገመት ይቻላል። ኮለን የሚያርም ስክሪፕት ሌላ ፋይል የሚከፍትበት፣ ከኢንተርኔትም የሚገናኝበት ምክንያት የለም። በታወቁት ኤዲተሮች ዘንድ ተጨማሪ ሲጫን የተጠቃሚውን ሙሉ ሥልጣን ይዞ መሥራቱ የተለመደ ነው፤ ይህን በኋላ ማጥበብ ብዙ ስክሪፕት መስበር ስለሆነ ማንም አይደፍረውም። ፋይል ማንበብና ኔትወርክ መጠቀም በፈቃድ ብቻ እንዲሆን ማድረግ የሚቻለው ከመጀመሪያው እትም ነው።

ጋዜጣችሁ ጉዳዩን እንደገና የሚመለስበት ከሆነ፣ ወጣቶቹ የትኛውን ቋንቋ እንደመረጡ ከመጠየቅ ይልቅ የትእዛዞቻቸውን ዝርዝር ረቂቅ ሳለ እንዲያሳዩ ቢጠይቅልን መልካም ነው። ዝርዝሩ አጭር ይሁን፤ የጎደለ ትእዛዝ በሚቀጥለው እትም ይጨመራል፣ የተሰጠን መንሣት ግን ያስቸግራል። ረቂቁንም ፕሮግራመሮች ብቻ እንዳያዩት፣ ማክሮ መቅዳት የሚያውቁ ጸሐፊዎች በአዳማም በሌሎች ከተሞችም አሉና እነሱም ከላይ የጠቀስኩትን የአራት ነጥብ ስክሪፕት ኮድ ባለበት ሰነድ ላይ በረቂቁ መሠረት እንዲጽፉት ቢደረግ፣ የትኛው ትእዛዝ እንደጎደለ ኤዲተሩ ሳይሠራ በፊት ይታወቃል።

ከአክብሮት ጋር

አንድ የሶፍትዌር ባለሙያ
ከአዳማ